የአበባው ቀበቶ

ላቨርን ስታጊል ባለፈው መጋቢት አረፈች። ነፍስ ይማር። እኔን ስትጠላ ኖራ፣ እኔን እንደጠላች ሞተች፤ በሕይወቴ አስተካክዬ ከሠራኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው። አሁን እሷም የለችም፤ እኔም ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። ብናገር የሚከፋው ሰው የለም።

ሰው ስልክ እየደወለ ይጠይቀኛል። ሬስሊንግ የሚባለውን የትግል ትርኢት የሚወዱ ጎረምሶች ናቸው፤ እናታቸው ሳትወለድ የተደረገውን ግጥሚያ ሁሉ ካላወቅን የሚሉ። «ከታላላቆቹ መሃል የዓለምን ቀበቶ ሳያገኝ የቀረ፣ የሁሉም አንደኛ ማነው?» ይሉኛል። «ዴልማር ስታጊል» እላለሁ። «እንዴ! እሱን ያስቀረኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ጆሯቸው ላይ እዘጋለሁ። ምን አገባቸው!

ስሜ ቨርጂል ፕላት ነው። አርካንሶ ውስጥ የጥጥ ገበሬ ልጅ ነኝ። ምሥራቅ ቴነሲ ውስጥ ግን ባሮን ክራውስ ነበርኩ፤ የጀርመን መስፍን! ጥቁር ካፖርት፣ የተላጨ ራስ፣ እጀታው ብረት የሆነ ከዘራ። ጀርመንን ካርታ ላይ አሳየን ብትሉኝ እንኳ ጣቴ የት እንደሚያርፍ እግዜር ይወቅ። ሥራ ግን ሥራ ነው። ሪንግ ውስጥ፣ መታገያው መድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን ሱቅ ስገባም ባሮን መሆን ነበረብኝ። «እኔ ወተት ፈልጎ ነው! ቶሎ አምጣ እሷን!» እያልኩ፣ እንደ ባዕድ እየተኮላተፍኩ ነበር ወተት የምገዛው። ባለሱቁም እያጉረመረመ ወርውሮ ይሰጠኛል። አንዲት ባልቴት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን መርፌ ነቅላ ቂጤ ላይ ሰክታብኛለች። የመኪናዬ ጎማ ሳይቀደድ ያለፈበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። መጠላት ነበር ሥራዬ፤ ጥሩ አድርጌ ነበር የምሠራውም።

ዴልማር ደግሞ የሁሉ ልጅ ነበር። እዚያው ኮልዌል ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ አጠር ያለ፣ አንገተ ወፍራም፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ሲስቅ ሕፃን የሚመስል ሰው። ሬስሊንግ ተነጋግረው የሚሠሩት ነገር እንደሆነ ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ታዲያ ታላቅነቱ ምኑ ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ታላቅነቱማ፣ ከሱ ጋር የገባ ሁሉ ጀግና መስሎ ይወጣል። አንስቶ ሲያፈርጥህ ጣሪያው የተደረመሰ ይመስላል፤ አንተን ግን ፍራሽ ላይ እንዳስተኛ ሰው ነው የሚያሳርፍህ። ከወደቅክ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ሳያይ እጅህን ቀስ አድርጎ ይጨብጣታል፤ «ደህና ነህ?» ማለቱ ነው። አንተም መልሰህ ትጨብጠዋለህ፤ «ደህና ነኝ»። ሁላችንም እንዲህ እንጠያየቅ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በግጥሚያው ሙቀት ይረሱታል። ዴልማር አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ቀርቶ አያውቅም።

ቀበቶው ያለፈውም በዚሁ ችሎታው ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ በዓመት አንዴ ወደኛ አገር ሲመጣ ከዴልማር ጋር ይገጥማል። ዴልማር አግዝፎ፣ አሳምሮ፣ ለሚቀጥለው ከተማ ያስረክበዋል። ሴንት ሉዊስ ውስጥ አንድ ሆቴል ተቀምጠው ቀበቶው ለማን ይሰጥ እያሉ የሚመክሩት አለቆች፣ «ስታጊል ግሩም ሰው ነው፤ ግን በዚያ ጥርሱ ቴሌቪዥን ላይ?» ይላሉ። ደግሞስ ሻምፒዮን ካደረጉት ሻምፒዮኑን ማን ያሳምርላቸዋል? እኔማ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ጫማውን ያስራል።

ሌላም ሕግ ነበረን። ጥሩው ሰውና ክፉው ሰው በአደባባይ አብረው አይታዩም። አንድ መኪና አይሳፈሩም፣ አንድ ምግብ ቤት አይገቡም፣ አንዱ ሆስፒታል ቢገባ ሌላው አይጠይቀውም። ነገሩ ስምምነት መሆኑም ለማንም አይነገርም፤ ለሚስትም፣ ለወላጅም። ምስጢሩ ከወጣ ሁላችንም ሥራ ፈት ነን። እኔና ዴልማር ደግሞ ወንድማማች ማለት ነበርን። ስለዚህ ተራራውን ተሻግረን፣ እሱ በአንዱ መንገድ እኔ በሌላው፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር ነበር የምንገናኘው። አሳ እናጠምዳለን። እሱ ቲማቲምና ሥጋ የገባበት ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ቢራውን። «ክቡር ባሮን፣ ዛሬስ ትሉን ራስዎ ይሰኩልኛል ወይስ አሽከር ልጥራ?» እያለ ይቀልድብኛል።

አባቱ ሆባርት ስታጊል የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መሬት ውስጥ ኖረው ሲወጡ ሳንባቸው አብሮ አልወጣም፤ አቧራው በልቶታል። በየቅዳሜው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከልጃቸው ከላቨርን ጋር ይቀመጣሉ። ላቨርን የዴልማር ታላቅ እህት ናት፤ አላገባችም፤ ሁለቱንም የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ሽማግሌው እያንዳንዱን ነገር ያምናሉ። ዴልማር ሲመታ ያማቸዋል፤ ሲያሸንፍ ሳል እያፈናቸው ይስቃሉ። አንድ ጊዜ በአጠገባቸው ሳልፍ ጉልበቴን በምርኩዛቸው ብለውኛል። «አንተ አረመኔ! ከልጄ ላይ እጅህን አንሳ!» አሉኝ። ለሳምንት አነከስኩ።

«ለምን እውነቱን አትነግራቸውም? አባትህ እኮ ናቸው» አልኩት አንድ ቀን ሐይቁ ዳር።

«ምን ብዬ? አባዬ፣ ከጉድጓድ ወጥተህ ፊትህን ሳትታጠብ እየሮጥክ የመጣህባት ቅዳሜ ሁሉ ጨዋታ ናት ልበለው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ሌላ አባባል የለውማ።» ክሩን ሳብ አደረገ። «ቨርጅ፣ አባዬ በዚህ ምድር ላይ አንድም ነገር አሸንፎ አያውቅም። ኩባንያው አሸንፎታል፣ ሳንባው አሸንፎታል። እሱ የሚያሸንፈው በኔ ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላነሳሁበትም።

በዚያው በጋ ሐኪሙ ለላቨርን፣ ገናን አይደርሱም አላት። ሽማግሌው ራሳቸው አውቀውት ነበር መሰለኝ፣ ዴልማርን ጠርተው፣ «ቀበቶውን ወገብህ ላይ ባይ፣ ከዚያ በኋላ ጌታ ደስ ባለው ቀን ይውሰደኝ» ይሉታል። ዴልማር አዘጋጃችን ዘንድ ሄደ። ግሬዲ ቶሊቨር ይባላል፤ ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ክፉ የማይባል ግን ማንንም መጋፈጥ የማይወድ ሰው። ዴልማር በዚያ ሁሉ ዘመን ለራሱ አንድም ነገር ጠይቆት አያውቅም ነበር። ቶሊቨር ሴንት ሉዊስ ድረስ ሄዶ ለመነ፤ እሺ አሉት። በበጋው ማብቂያ፣ በሠራተኞች ቀን፣ ኮልዌል ባዛር ሜዳ ላይ ዴልማር ያሸንፋል። ለሳምንት ያህል ይዞት ይቆይና አትላንታ ላይ ይመልሳል። ለሳምንት! ግን ስሙ አንዴ የሻምፒዮኖቹ መዝገብ ውስጥ ከገባ ገባ፤ ማንም አይፍቀውም።

ሐይቁ ዳር ሲነግረኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ! ሁለት በሬ የሚያካክሉ ሰዎች ጀልባ ውስጥ ሲነፋረቁ የሚያይ ሰው አለመኖሩ በጀን።

የሠራተኞች ቀን ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። ሪንጉ ከከብቶቹ ትርኢት አጠገብ ሜዳ ላይ ተተክሏል፤ ሕዝቡ አጥሩ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። ሽማግሌውን ጎረቤቶቻቸው ከነወንበራቸው ተሸክመው የፊት ረድፍ ላይ አስቀመጧቸው። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ አንገታቸው በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይዋልላል። ላቨርን ጃንጥላ ይዛላቸዋለች።

እኛ ክፉዎቹ አንድ ድንኳን፣ ጥሩዎቹ ሌላ ድንኳን ነበርን። የዚያን ቀን ሻምፒዮኑም ከኛ ጋር ነው። ቶሊቨር ላቡን እየጠረገ ገባና፣ «ለውጥ አለ። ጠዋት ከሴንት ሉዊስ ደውለው ነበር። አይሆንም ብለዋል» አለው ለሻምፒዮኑ። «አንተ ነህ የምታሸንፈው፤ በንጹሑ፣ ያለ ማጭበርበር፣ መሃል ሪንግ ላይ ጥለኸው ዳኛው አንድ ሁለት ሦስት ይቆጥራል።»

«ስታጊል ያውቃል?» አለ ሻምፒዮኑ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«እሺ ጌታዬ አለ።»

እሺ ጌታዬ! ከድንኳኑ በኋላ በኩል ሾልኬ ወጣሁ። ዴልማርን ከአሳማዎቹ በረት ጀርባ የውኃ ገንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰው ቢያየን ሁለታችንም አልቆልን ነበር፤ ግድም አልሰጠኝ።

«ልብስህን ልበስና አባትህን ይዘህ ቤትህ ግባ» አልኩት።

«ሕዝቡ እኮ ከፍሎ ገብቷል።»

«ሕዝቡ ገደል ይግባ!»

«አባዬም ሕዝቡ ውስጥ ነው ያለው፣ ቨርጅ።» ጫማውን ፈትቶ እንደገና ያስር ጀመር። «ስሸነፍ አይቶኝ አያውቅም ማለቴ አይደለም። አንተስ ስንቴ ጥለኸኝ የለ? ግን ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ፤ እበቀልሃለሁ፣ ይረሳዋል። አሁን የሚቀጥለው ቅዳሜ የለውም። ልጄ ሞክሮ አልቻለም ብሎ ነው የሚሞተው።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገራቸው!»

«እውነቱን ብነግረው ዛሬን ብቻ መሰለህ የምወስድበት? ያለውን ሁሉ ነው።»

ምንም አልጠየቀኝም። ይህን እወቁልኝ፤ አድርግልኝ አላለኝም። ተነስቶ ቁምጣውን አስተካከለና ሄደ።

ግጥሚያውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ሻምፒዮኑ ሲመታው ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እሱ ሲነሳ ሜዳው ይናጋል። ተሸንፎ እንደሚወጣ እያወቀ፣ አንዲቷንም እንቅስቃሴ አላጎደለም። በመጨረሻ ስሙን ያስጠራችውን የክንድ ጥምዘዛ ያዘው። ሻምፒዮኑ እያቃሰተ፣ ተሸነፍኩ ለማለት መሬቱን ሊመታ እጁን አነሳ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ! ከፀደይ ጀምሮ ያለ ሰው ድጋፍ ቆመው አያውቁም። እኔ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ሻምፒዮኑ ተገልብጦ ያመልጣል፣ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ ሦስት ይቆጠራል። ሁሉም በንጹሑ።

ከድንኳኑ ወጥቼ ሮጥኩ። ማን አዘዘኝ? ማንም። ገመዱን ዘልዬ ገባሁና ካፖርቴን ዳኛው ራስ ላይ ጣልኩበት፤ ከካፖርቱ ጋር ሲታገል በከዘራዬ ብረት ዴልማርን አናቱን አልኩት። ቀድመን አልተነጋገርንም፤ ምቱ የእውነት ነበር፤ ደሙም የእውነት። ወደቀ። እላዩ ላይ ተንበርክኬ የማፌዝ መስዬ እጁን ጨበጥኩት። አልመለሰልኝም። ገደልኩት እንዴ ብዬ እንደገና ጨበጥኩት። ከዚያ እጄን ያዘና ጨመቀው፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ ድረስ ጨመቀው፤ ቶሎም አልለቀቀኝም።

ዘልዬ ወጣሁ። ዳኛው ካፖርቱን ሲጥል ሻምፒዮኑን ዴልማር ላይ ተኝቶ አገኘው፤ ሦስት ቆጠረ። ሜዳው ፈነዳ። ጠርሙስ፣ ወንበር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ያልተወረወረብኝ ነገር የለም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን የሽማግሌውን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት። «ሌባ! ልጄን ሰረቅከው! አሸንፎ ነበር! አያችሁ አይደል ሰዎች፣ አሸንፎ ነበር እኮ!» ጎረቤቶቻቸው ወገባቸውን ይዘዋቸው ነው እንጂ መጥተው በጥርሳቸውም ቢሆን ይበሉኝ ነበር። ፖሊሶቹ ከበው አወጡኝ።

ቶሊቨር በዚያኑ ዕለት አባረረኝ። «ምን ነካህ፣ ሰውዬ? ሴንት ሉዊስ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ባሮኑ አበደ በላቸው» አልኩት። እቃዬን ጭኜ ወደ ኦክላሆማ ሄድኩ። ስሜ በአለቆቹ ዘንድ ስለጠፋ ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ዳግመኛ አልሠራሁም። እዚህ አሁን የምኖርበት ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በየመንደሩ ገበያ ነው ሥራዬን የጨረስኩት። አልቆጨኝም ብላችሁ ውሸቴን ነው፤ ቆጭቶኛል፤ ሚስቴም ትታኝ ሄዳለች። ግን ያው ነበር የማደርገው።

በተከተለው ፀደይ ሐይቁ ዳር ተገናኘን። ዴልማር ግንባሩ ላይ የስፌት ጠባሳ ይዞ መጣ።

«እንዴት አድርገህ ነው የመታኸኝ፣ አንተ ከብት!» አለኝ።

«ይቅር በለኝ።»

«ዝም በል ባክህ።» ቲማቲሙን ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝ። «አባዬ ኅዳር ላይ ሞተ። እስኪሞት ድረስ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ የሚያወራው ያንን ነው። ቄሱን ሳይቀር፣ 'ልጄ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ሌባ ቀማው እንጂ' ይለዋል። ቨርጅ፣ እንዲህ ደስ ብሎት የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ፊቱን አዞረ። «ግን ላቨርንን አስምሏታል። ያ ሰው ከዚህ ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ፣ ከማናችንም ሬሳ አጠገብ እንዳይቆም ብሎ። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ።»

«የራሷ ጉዳይ፤ ምን ችግር አለው» አልኩ።

ችግሩ ከዓመታት በኋላ መጣ። ዴልማር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባቄላ ሲፈለፍል ልቡ ቀጥ አለች። የነገረኝ ቶሊቨር ነው፤ አርጅቶ፣ ድምፁ ተሰባብሮ፣ በስልክ። ቀኑን ሙሉ ነድቼ ኮልዌል ደረስኩ። ያለችኝን አንዲት ጥቁር ልብስ ለብሼ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ሳይዘጋ እጁን አንዴ መጨበጥ። ሁልጊዜ ሲጠይቀኝ የኖረው እሱ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ እኔ ልጠይቀው ብዬ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ላቨርን ቆማለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ከኋላዋ የቅዳሜ ሰዎች፣ ያኔ ጠርሙስ ሲወረውሩብኝ የነበሩት፣ አርጅተው ቆመዋል። «ባሮኑ ነው!» አለ አንዱ። ሁሉም ዞሩ።

«እዚያው ቁም» አለች ላቨርን።

ቆምኩ። ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«አባቴ አስምሎኛል፤ አታልፍም። ግን አንድ ነገር ንገረኝና ትሄዳለህ። ወንድሜን ስጠይቀው አንድም ቀን አልነገረኝም፤ 'ተይው' ይለኛል እንጂ።» አንድ እርምጃ ቀረበችኝ። «ለምን? ምን አድርጎህ ነው? ያን ቀን ምን አድርጎህ ነው?»

እግዜር ያሳያችሁ! እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቨርጂል እባላለሁ፣ ወንድምሽን ከማንም አስበልጬ እወደው ነበር፣ አንድ ጊዜ እጁን ልያዘው ልላት ነበር። ያኔ በትከሻዋ አሻግሬ ሳይ፣ ከሳጥኑ ራስጌ አንድ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ቆሟል። ጎረቤቶቹ ተዋጥተው ያሠሩት ነው። ነጭና ቢጫ አበባ፣ በቀበቶ ቅርጽ። መሃሉ ላይ በወርቃማ ጥብጣብ «የዓለም ሻምፒዮን» ይላል። ላቨርንም እዩልኝ የምትል ይመስል ወደ ጎን ብላ ነበር የቆመችው።

ለዓመታት ያልተናገርኩበትን ያንን የጅል አነጋገር ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ደረቴን ነፋሁ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ።

«እኔ ፈርቶ ነበር» አልኳት። «ካልመታ እኔ፣ እሱ አሸንፎ ነበር። እሱን ማንም አሸንፎ አያውቅም። ባሮን ክራውስ ቀንቶ ነበር። ሌላ ምክንያት የለች።»

ላቨርን ፊቴ ላይ ተፋች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ የጎበጠ ትከሻዋ ቀና ሲል አየሁት። «አልኳችሁ አይደል?» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «በገዛ አፉ አመነ! ሰማችሁት አይደል?» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ሴት እልል ማለት እንደቃጣት ሁሉ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሳጥኑ ሲዘጋ ሰማሁት፤ መኪናዬ ጋ አልደረስኩም ነበር። ፊቴን በመሃረብ ጠረግሁና ሞተሩን አስነሳሁ። እጁን ሳልጨብጠው ቀረሁ።